አንዴ ቀና ቢል

የእህቴ ባል ጨዋ ነው ይባላል። እናታችን ገና መጀመሪያ ቤት የመጣ ቀን፣ «አቤት፣ አንገቱን የደፋ ልጅ!» ብላ ወደደችው። ለምን እንደደፋው የጠየቀ አልነበረም። ስልኩን እያየ ነበር።

የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ መንገደኛ የሚያልፍበት መስኮት ላይ። ዛሬ ፓስፖርት የሚያገላብጥ የለም። መንገደኛው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰነድ ለማሽኑ ያሳያል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ፊቱን ከፎቶው ጋር ያመሳስላል፤ አረንጓዴ መብራት ይበራል። የአማቼ ድርሻ ቀና ብሎ ሰውየውን ማየትና «አረጋግጫለሁ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። መጫኑን እንኳ ይጭናል።

የሚገርመው፣ መሥሪያ ቤቱ ለዚሁ ብሎ ሥልጠና ልኮት ነበር፤ ሰው በበረራ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሳሳት። ከዚያ ወዲያ በየምሳው ሰበከን። «ማሽኑ ሁልጊዜ ልክ ሲሆን ሰው ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። ትልቁ አደጋ እሱ ነው» ይለናል፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ። የምስክር ወረቀቱንም ሳሎን ሰቀለው። ሚስማሩን ያቀበለችው እህቴ ናት፣ ያን ዕለት ጠዋት ረጅም ፀጉሯን ተቆርጣ። አላየም። ሰውዬው እኮ እንዲህ ነው!

በኋላ እህቴ ውጭ አገር ሥራ አገኘች። ስትነግረው «ጥሩ ነው» አላት፣ ምን እንዳለች ሳይሰማ። የምትሄድበት ቀን እኔ ሸኘኋት። መግቢያው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ በእሱ መስኮት ነው የማልፈው።»

«አበድሽ እንዴ? ሊያስቀርሽ?»

«አንዴ ቀና ብሎ ካየኝ፣ እማዬ ትሙት፣ ሻንጣዬን ይዤ ቤቴ እመለሳለሁ።»

እንዲያያት ትፈልግ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ አየኋቸው። ተራዋ ደረሰ፤ ስልኳን አሳየች። ማሽኑ ፀጉሯ አጥሮም በአሮጌው ፎቶ ለያት። ባሏ ቁልፉን ተጫነ። እሷ ግን አልሄደችም፣ ፊቱ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። እሱ እንዳቀረቀረ በእጁ ወደ ውስጥ አመለከታትና የሆነ ነገር አለ። በኋላ ደውላ ነገረችኝ፤ «ይለፉ እመቤቴ፣ መንገድ አይዝጉ» ነው ያላት። የገዛ ሚስቱን አንቱ! አለፈች።

አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«እህትሽ አንቺ ጋ ናት? ቤት የለችም።»

«ጠዋት በመስኮትህ ያሳለፍካት አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። እኔም ሰው ነኝ፤ አሁን ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ፣ አንጀቴን ሊበላኝ ትንሽ ቀረው።

«ሰነዷ ግን ትክክል ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።