ከሕይወት ታሪኩ ጀርባ ያለው ገጽ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ሆሳዕና

የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም። ጭጋግ አለ። ውጭ የቆምነው አሥር ያህል እንሆናለን። አንዲት ሴት ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ታቅፋለች። እኔ የያዝኩት የወንድሜን ደብተር ነው።

ወንድሜ ማቴዎስ ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆነው። አዲስ አበባ ለዶክትሬት ይማር ነበር። ታሞ ቤት ከመጣ በኋላ ብዙ አልቆየም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እለጥፋለሁ፣ የቆየ ልጣፊ አላቅቃለሁ። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ ግን ይህን ጉዞ መጻፍ አለብኝ።

ሐሙስ ዕለት ሰላም ደወለች። ከማቴዎስ ጋር አብራ የምትመራመር ልጅ ናት። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬላት ነበር።

«ሰባተኛው ገጽ የለም» አለችኝ። «ከስድስት ወደ ስምንት እንዴት እንደ ተሻገረ አልገባኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ። ገጹ ከሌለ ማረጋገጫው ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ደግሞ አይታተምም።»

ደብተሩን ገለጥኩ። የተቀደደ ጠርዝ አለ። የቀደድኩት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ የሚቀበር ሰው የለም። የቀብሩ ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሽማግሌዎቹ «የሕይወት ታሪኩስ? ቶሎ በሉ» አሉ። እጄ የገባውን ደብተር አነሳሁና አንድ ቅጠል ቀደድኩ። አንዱ ፊት በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ሌላው ባዶ ነው። ባዶው ላይ በጄል እስክሪብቶ ጻፍኩ። ያነበበው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ጴጥሮስ ነው። ሲጨርስ አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተውና ሺንሺቾ ይዞት ሄደ።

ትናንት ደወልኩለት። ስልኩ ካሜራ የለውም። «ወረቀቱ በክብር ተቀምጧል፤ ና» አለኝ።

ከጠዋቱ 12፡40፣ አንጋጫ መንገድ

ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ ግን አልረካም።

«ጠጋ በሉ! ይህ ወንበር የሦስት ሰው ነው።»

«የሁለት ነው እንጂ!» አለች ባለ ቆጮዋ ሴት፣ ከጎኔ።

«ሁለትም ነው ሦስትም ነው፣ እናቴ። እንደ ቀኑ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ በመካከላችን ገቡ። ማቴዎስ የረዳቱን ቀልድ ቢሰማ ደብተሩ ላይ ይጽፋት ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሴትዮዋ ጥቁር ልብሴን አየች። «ማን ሞቶብህ ነው?»

«ወንድሜ።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ምን ነበር ሥራው?»

«ተመራማሪ ነው። ስለ ማግኔት።»

«ብረት የሚስበው? እሱማ የልጄ ስፒከር ውስጥም አለ። ይህን ለማጥናት አዲስ አበባ ድረስ?»

እስካሁን ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ሞከርኩ። ማቴዎስ በነገረኝ መንገድ።

«ሦስት ትንንሽ ማግኔቶች በሦስት ማዕዘን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ መዞር ይፈልጋል። አንዱ ወደ ላይ ዞረ። ሁለተኛው ወደ ታች። ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ከአንዱ ጋር መጣላቱ አይቀርም።»

«ልክ ነው።»

«ይህማ የኛ ቀበሌ ነው!» አለች። በመካከላችን የተቀመጡት ሽማግሌ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ማቴዎስ ግን የተጣላው አንዱ ብቻ አይደለም ይል ነበር። ማግኔቶቹ እጅግ ትንንሽ ሲሆኑ ችግሩን ሦስቱም ይካፈሉታል፤ የትኛው ነው የተቸገረው ብለህ ብትጠይቅ መልስ የለውም። እንዲህ ያሉ ብዙ ሦስት ማዕዘኖች ተያይዘው ማለቂያ ባይኖራቸው፣ ከብርድ ሁሉ በባሰው ብርድ ውስጥስ ይረጋጋሉ? እሱ በመረጠው አደራደር አይረጋጉም ነው የሚለው። «ይህን መገመት ቀላል ነው» ብሎኛል፣ አልጋው ላይ ሆኖ። «ማሳየት ነው ያስቸገረኝ።» ከዚያ አንድ ቀን እርሳሱን አስቀመጠና «አሁን ሆነ» አለ። ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

ከጠዋቱ 3፡00፣ ዱራሜ

እዚህ መኪና ይቀየራል። ዳገቱ ላይ እንሰት ከቤቶቹ ይበልጣል። ቆሜ ሻይ ጠጣሁ፣ ቦምቦሊኖ በላሁ። የሺንሺቾው ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ሹፌሩ «ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ። «ወረቀት» አልኩት። «ፍርድ ቤት ነው?» አለ። አይደለም አልኩ። 

ከጠዋቱ 5፡00፣ ሺንሺቾ

አጎቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሳሎን ሲያስገባኝ ግድግዳውን በኩራት አሳየኝ። ወረቀቱ ከማቴዎስ ፎቶ በታች ተሰቅሏል። ካርቶን ላይ ተለጥፎ።

የካርቶኑን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩ።

«አጎቴ፣ ጀርባው...»

«ጀርባው ምን?»

ነገርኩት። እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የክፍል ቻርት የለጠፍኩት በዱቄት ሙጫ ነው። አንድም ቀን ተላቆ አያውቅም።»

«የዱቄት ነው?» አልኩ። «እንግዲያው በሙቅ ውሃ ይለቃል። ማላቀቅ ሥራዬ ነው።»

«ጽሑፍህስ?»

ጄል ውሃ ሲነካው ይታጠባል። እርሳስ አይታጠብም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ጊዜ አክስቴ አስቴር ከጥግ ተናገረች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እግሯ ታሞ ለቀብር አልመጣችም። ካርቶኑ የተሰቀለው ለእሷ ነው።

«ፊቱን አላየሁም። መቃብሩንም አላየሁም። ያለኝ ይኸው ነው። ልታጥበው ነው?»

«መጀመሪያ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ አክስቴ።»

«ስልክ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።  «አክስቴ» አልኩ፣ «ከፊት ያለው የኔ ነው። ከኋላ ያለው ግን የሱ ነው።»

አየችኝ። «ከኋላ ያለውን ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«የሚችል ሰው አለ?»

«አንዲት ልጅ አለች። እየጠበቀች ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የፊቱን አንብብልኝ።»

ቆሜ አነበብኩ። የተወለደበትን፣ የተማረበትን። «የጀመረውን ምርምር ሳይጨርስ» የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። አጎቴ ጨረሰልኝ።

ከዚያ ፎቶ አነሳሁና ካርቶኑን ሳፋ ውስጥ አስተኛሁ። ውሃው ጠቆረ። ወንድሜ የተወለደበት ቦታ ሄደ። ስሙም ሄደ። ጣቴን ከጠርዙ ሥር አስገብቼ ቀስ አድርጌ ገፋሁ፤ በጎማ ሥራ ችኮላ ጎማውን ይበላል። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የታችኛው ማዕዘን ግን እንቢ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

ገለበጥኩት። እርሳሱ አለ። ሦስት ማዕዘኖች፣ ቀስቶች፣ የእሱ ቁጥሮች።

ከቀኑ 8፡20

ኔትወርክ ፍለጋ አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ። የጀርባው ፎቶ ሄደ። ሰላም ብዙ ቆይታ ደወለች። 

«የመጨረሻው መስመር ግማሹ የለም» አለች።

«ካርቶኑ ላይ ቀረ። ይቅርታ።»

«ግድ የለም፣ እሱን እኔ እሞላዋለሁ። መሻገሪያው እዚህ አለ። በዚህ በኩል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «አድርጎታል።»

ተመልሼ ለሁለቱም ነገርኳቸው። አጎቴ ከቁም ሣጥን አንድ ንጹሕ የቻርት ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሕይወት ታሪኩን እንደገና ልጽፍ እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

አክስቴ እጄን ያዘች።

«በእርሳስ አድርገው» አለች። «ውሃ የሚያደርገውን አይተናል።»

እርሳስ ሰጠችኝ። ከስልኬ ፎቶ ላይ እያየሁ ገለበጥኩ። «ሳይጨርስ» ጋ ስደርስ ከፎቶው ዓይኔን አነሳሁ፤ «ጨርሶ» ብዬ ጻፍኩ።