የመሪጌታ የጾም ጥርስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያው ታካሚዬ ሳልነካው አመለጠኝ። ከሙጃ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና በእግር የሚዘወረውን መሰርሰሪያዬን ረገጥ ረገጥ አድርጌ ሞከርኩት። ሰውዬው አየው አየውና፣ «አያ፣ የጋቢዬም ጫፍ ተተርትሯል፤ በዚያው ጠቀም ጠቀም ታደርግልኛለህ?» አለኝ። የልብስ ስፌት መኪና መስሎታል። መርፌው የሚገባው አፉ ውስጥ እንደሆነ ስነግረው ጋቢውን ሰብስቦ በበሩ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሰይድ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ በኋላ፣ ደሴ ላይ የጥርስ ሥራ ተምሬ ላሊበላ ተመደብኩ። ያኔ ምደባ ማለት ምደባ ነው፤ «አልሄድም» የሚባል ቋንቋ የለም። ከጋሸና የጭነት መኪና ላይ ወጥቼ፣ የጀሶ ጆንያዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ገባሁ። ጀሶ ውኃ ከነካው አለቀለት። ዝናብ ሲጥል ካፖርቴን አውልቄ ለጀሶው አለበስኩት፤ እኔ ራሴ በስብሼ ደረስኩ።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገና እጄን ሲጨብጡኝ፣ «ጓድ ሰይድ፣ እዚህ አገር ጥርስ ወይ ይነቀላል ወይ ይጸለይለታል። ሦስተኛ ነገር አምጥተህ ራስ ምታት እንዳትሆንብኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ያንን ሦስተኛ ነገር ነው። የጎደለውን መተካት!

አሠራሩ ይኸውላችሁ። እንደ ጭቃ የለሰለሰ ማተሚያ ሰውየው አፍ ውስጥ ከትታችሁ የድዱን ልክ ትወስዳላችሁ። ልኩ ላይ ጀሶ ታፈሱበታላችሁ፤ ሲደርቅ የሰውየው ድድ ራሱ ጠረጴዛችሁ ላይ ቁጭ ይላል። በሰም ቅርጹን ትሠሩና ከፋብሪካ የመጣውን ጥርስ ትሰኩበታላችሁ። ከዚያ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የፕላስቲክ ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ እንደ ሊጥ የሆነ ነገር ትጠቀጥቁና ውኃ ውስጥ ትቀቅሉታላችሁ። እኔ የምቀቅለው በላምባ ምድጃ ነበር። ሽታው እንኳን ለሰው ለዝንብም አይመች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ምሳዬን የምቀቅል መስሏት ስታዝንልኝ ከርማለች።

በኅዳር አንድ ቀን መሪጌታ ጥበቡ መጡ። በከተማው የተከበሩ የዜማ ሰው ናቸው። አፋቸውን በነጠላ ጥፍንግ አድርገው ሸፍነዋል።

«ምን ሆነው ነው፣ መሪጌታ?»

«በቅሎዬ» አሉ ከነጠላው ሥር። ነጠላውን ገለጥ ሲያደርጉት የላይኛው የፊት ጥርሳቸው የለም። ሊጭኗት ጎንበስ ሲሉ በቅሎዋ አንገቷን ሽቅብ ወርውራ በግንባሯ መታቻቸው፤ የፊቶቹን አራቱን አንድ ላይ ጠረገቻቸው። «አሳደግኋት፣ ገብስ አበላኋት፣ እንዲህ አደረገችኝ» ብለው ቀስ ብለው ሸፈኑት።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የገና ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባለው የአለት ገደል ላይ ከሚቆሙት ካህናት ፊት ሆነው ዜማውን የሚያነሡት መሪጌታ ናቸው። አሁን ግን አፋቸውን ሲከፍቱ ነፋሱ በክፍተቱ እየወጣ ያፏጫል። ባለፈው እሑድ ደቀ መዛሙርቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ስቀዋል። «ለገና ካልደረስኩ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቆማል። አንዴ ሌላ ሰው ከቆመ ደግሞ ማን ‹ይመለሱ› ይለኛል? ከልጅነቴ የቆምኩበት ቦታ ነው፣ ሰይድ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንጀቴን በሉት።

«አብሽሩ መሪጌታ፣ እሠራልዎታለሁ። ሲተኙ ያወልቁታል፣ ጠዋት አጥበው ያደርጉታል» አልኳቸው።

«ያወልቁታል?» አሉ፤ ከወንበሩ ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። «የሚወልቅ ጥርስ አልፈልግም! ከበሮው ሲጎሰም፣ ሽብሸባው ሲደምቅ፣ ዘሎ ከገደሉ ሥር ምእመናን መሐል ቢወድቅስ? የማይወልቅ የለህም?»

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። እኔ ግን ወሬ ከያዝኩ አላስችለኝም። ደሴ ስንማር አንድ የውጭ አገር ሐኪም ስለነገረን ነገር አወጋኋቸው፤ ዛሬ እናንተ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች ኢምፕላንት የምትሉትን ማለቴ ነው። ድዱን ከፍተው የመንጋጋውን አጥንት ቀስ ብለው ይሰረስሩታል። ቲታኒየም ከሚባል ቀላል ብረት የተሠራች ትንሽ ብሎን ይተክሉበታል። ከዚያ ይሰፉትና ወራት ይጠብቃሉ። አጥንቱ እያደገ ብሎኗን አቅፎ ይይዛታል፤ እንደ ሥር ትሆናለች። በመጨረሻ ጥርሱ እላይዋ ላይ ይታሰራል። አይወልቅም፣ አይነቃነቅም።

መሪጌታ ፊታቸው በራ። «ይኸው! የኛን አብያተ ክርስቲያናት አላየህም? ድንጋይ ተለቅሞ የተካበ አይደለም፤ ከአለቱ ተፈልፍሎ ከአለቱ ጋር አንድ የሆነ ነው። አንተ ልታደርግልኝ ያሰብከው ድንኳን ነው። እኔ የአለቱን ነው የምፈልግ!»

«የአለቱን እኔ አልችልም፣ መሪጌታ። ብረቱም የለኝም፣ ኤክስሬይም የለኝም፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገናም አልተማርኩም።»

እሺ ብለው ሄዱ። እሺታቸውን አምኜ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረጉት። ብሎን ነው። ከነግራሶ ቅባቱ። ጋሸና ሰው ልከው ከቆመ የጭነት መኪና አስፈትተው ነው ያስመጡት።

«ብረቱ የለኝም አላልክም? ይኸው። ረዥም ከሆነ ቀጥቃጩ ያሳጥረዋል፤ ተነጋግረናል።»

ወላሂ፣ ደሜ ፈላ። «መሪጌታ! ይህ እኮ የመኪና ጎማ የሚይዝ ነው! አፍዎ ላይ ጎማ ሊያስሩ ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘው ሰው በበሩ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። ብሎኗ የምትያዘው በጥምዝምዝ ጥርሷ አይደለም፤ አጥንቱ ሲቀበላት ነው። አጥንት ደግሞ ያገኘውን ብረት አይቀበልም። ይህኛው ይዝጋል፣ ይመግላል፣ የቀረውን ጥርስም ይዞ ይወጣል። ቢቀበለው እንኳ ወራት ይፈልጋል፤ ገና ደግሞ ደጃፍ ላይ ናት። ብሎናቸውን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ድንኳኑን ትከል» አሉኝ።

ልክ ወሰድኩ፣ ጀሶ አፈሰስኩ። ነገሩ ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰ። «ጓድ፣ ይህ ዕቃ የመጣው ለሰፊው ሕዝብ ነው፤ ለካህን አይደለም» አሉኝ። «ጓድ ኃላፊ፣ አራት ጥርስ ከወለቀ በኋላ ከሳቸው ሰፊ ከየት ይመጣል?» አልኳቸው። ሳቃቸውን ሊይዙ ሲታገሉ የራሳቸውም መንጋጋ ጎዶሎ እንደሆነ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕቃው አላነሡብኝም፤ በሳምንቱ እሳቸውም ልክ ሊያስወስዱ መጡ።

ጥርሱን በሰም ላይ ሰክቼ ላሳያቸው መሪጌታን ጠራኋቸው። ሊነኩት እጃቸውን ዘርግተው መለሱት። ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰይዶ፣ አትቀየመኝና... ይህ የምን አጥንት ነው?»

«አጥንት አይደለም።»

«የበሬ ነው የፍየል? የነቢያት ጾም ላይ ነን። ሥጋ አፌ ውስጥ ይዤ እንዴት ማሕሌት እቆማለሁ? ጾሙስ ያልፋል እንበል፤ ግን...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማን ነው ያረደው?»

አሁን ገባኝ። የክርስቲያን ነው የእስላም እርድ ነው እያሉኝ ነው! ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ግን አፈርኩ። ደሴ ስማር እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ «የአሳማ ነገር የለበትም ወይ?» የሚል ነበር። ይህን ስነግራቸው፣ «እና የለበትም?» አሉ በጭንቀት። የአሳማውን ነገር እሳቸውም አልፈለጉትም።

ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ፕላስቲክ ነው፣ ደም የለውም፣ ማንም አላረደው ብላቸው አልረኩም። ከሳጥኔ አንድ ትርፍ ጥርስ አንሥተው ወደ ግቢ ወጡ። የዘበኛው ውሻ ፀሐይ ይሞቃል። ጥርሱን ፊቱ ወረወሩለት። ውሻው አሸተተው፣ አነጠሰው፣ ዞሮ ተኛ።

«ፍስክ ቢሆን አይተወውም ነበር» አሉ መሪጌታ። «ጾመኛ ነው። ሥራ።»

ቀቅዬ ስጨርስ የቀረው አፋቸው ላይ ማስተካከል ነበር። ሌላውን ታካሚ «ስድሳ ስድስት» በል እለዋለሁ፤ ፉጨቱ የት እንዳለ በዚያ ይታወቃል። መሪጌታ ግን በዜማ ካልሆነ አልፈተንም አሉ። ጠዋት ጠዋት ወንበሬ ላይ ቀጥ ብለው ዜማ ያወርዳሉ፤ እኔ ሞረዴን ይዤ አዳምጣለሁ። ድምፁ ሲወፍር ጥርሶቹን የያዘውን ሰሌዳ እሞርዳለሁ። ዝቅ ያለውን ድምፅ አርዝመው ሲይዙ ሰሌዳው ከላንቃቸው ይላቀቃል። ያን ጊዜ የጎን ጥርሳቸውን የሚያቅፍ ሽቦ በግራና በቀኝ አጠፍኩለት። በሽተኛው ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያማትባል። ኃላፊያችን፣ «ጓድ ሰይድ፣ ጤና ጣቢያውን ደብር አደረግኸው፤ ያውም አንተ!» እያሉ ራሳቸውን ይይዛሉ።

የገና ዕለት ጠዋት ከምእመናኑ መሐል ተጨናንቄ ከገደሉ ሥር ቆምኩ። ካህናቱ ከላይ ጫፉን ይዘው ተሰልፈዋል። መሪጌታ ጥበቡ ፊት ናቸው። አጠገቤ ያለው ሁሉ ይጸልያል፤ እኔም እጸልያለሁ፦ «ያ ረቢ፣ ሽቦውን አጥብቅልኝ!» መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ያ ዝቅ ያለው ድምፅ መጣ፣ ረዘመ፣ ረዘመ፤ እኔ ትንፋሼን ውጫለሁ። ፉጨት የለም። ምንም አልወደቀም። ካህናቱ ተቀበሏቸውና ገደሉ ሙሉ ድምፅ ሆነ። እንባዬ ሲወርድ አንዲት ተሳላሚ አይታኝ፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ስለትህ ይሰምርልሃል» አለችኝ። ሰምሯል፣ እናቴ።

ከበዓሉ በኋላ መሪጌታ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ፈገግ እያሉ መጡ። ድዳቸው ግን በርበሬ መስሎ ቀልቷል።

«ሌሊት አያወልቁትም?»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ስበው አፋቸው ላይ መለሱት።

«መሪጌታ፣ ስንቴ ነገርኩዎ? ድዱ ማረፍ አለበት! በዓሉ እንደሆነ አልፏል፤ ተኝተው ለማን ይዘምራሉ?»

ወደ በሩ አዩ። ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ ጠጋ አሉኝ። «ባለቤቴ ታየኛለች።»

«እንዴ! ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተው!»

«ለዚያ ነዋ፣ ሰይዶ» አሉ። «በቅሎዋ ከመታችኝ ጀምሮ እሷ ፊት አፌን ገልጬ አላውቅም። እራት የምበላው ዞሬ ነው። ጥርስህን ያደረግኩ ማታ፣ ‹ዛሬስ ወደኔ ዞርህ› አለችኝ። አሁን አውልቄ ልዙርባት?»

 የማይወልቀውን ጥርስ የለመኑኝ፣ ብሎን ከጋሸና ያስመጡት ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። እኔ ከበሮውና ገደሉ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከቀትር እስከ ማታ፣ ብቻቸውን ሲያጠኑ እንዲያወልቁት፣ ማታ እንዲያደርጉት ተስማማን። ድዳቸው ዳነ።

ዛሬ እናንተ ወጣቶቹ ያን ብሎን በየክሊኒኩ ትተክላላችሁ፤ ባያችሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ስለ አጥንቱ ውፍረት፣ ስለ ብሎኑ ርዝመት እኔ የምነግራችሁ የለኝም። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ልክ ከመውሰዳችሁ በፊት ሰውየውን ጥርሱን ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁት። ከመለሰላችሁም በኋላ በሩን ዝጉና ደግማችሁ ጠይቁት።