አባባ ሙደሲር የነፉት ብርጭቆ

ልጅ ሳለሁ ቡታጅራ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል፣ እኔ ግን ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወደ አባባ ሙደሲር ቤት እሮጥ ነበር። አባባ ሙደሲር የእናቴ አጎት ናቸው። በጉርምስናቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ በአንድ አርመን የብርጭቆ ወርክሾፕ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው፣ ወርክሾፑ ሲዘጋ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከዚያ ይዘውት የመጡት ብርጭቆውን በገዛ ትንፋሻቸው የነፉትን አንድ ፋኖስ ብቻ ነው።

ያኔ ክብሪት ጭረው ሲለኩሱት የላምባው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ብርጭቆው ውስጥ ታስረው የቀሩት ጥቃቅን አረፋዎችም ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ ጥላ ይጥላሉ። እሳቸውም ይጀምራሉ፦ እንደ ማር የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ እንዴት እንደሚጠቀልሉት፣ እያሽከረከሩ ሲነፉት እንዴት እንደሚያብጥ፣ ጓደኛቸው አንድ ቀን ቱቦው ውስጥ ስቆ ጎኑ የተንሻፈፈ መብራት እንደሠራና አርመኑ «ይሄ ሳቅ ነው፣ አይሸጥም» ብሎ መስኮት ላይ እንደሰቀለው። ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። አልሰለቸኝም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለምታውቁት ሰው ሥራ ተናገሩ ሲሉን እጄን አወጣሁና ይህንኑ ተናገርኩ። መምህሩ ከሰሜን መጥተው ከተማችን የሚኖሩ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ነበሩ። «ብርጭቆ በማሽን እንጂ በአፍ አይሠራም፣ ተረት ነው የነገሩሽ» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እያለቀስኩ ሄጄ ለአባባ ነገርኳቸው፤ እሳቸው አልተቆጡም፣ መምህሬን ለቅዳሜ እንድጠራላቸው ብቻ አዘዙኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ዳር ያለው ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ተሰበሰብን። መምህሩም መጡ፣ የክፍሌ ልጆችም ተከትለው መጡ። አባባ ስባሪ ጠርሙስ ከሰል ላይ ደፉ፣ ቀጥቃጩ ወናፉን ረገጠ፣ እስከ ረፋድ ድረስ ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን ቆየ። በመጨረሻ ብርጭቆው ለሰለሰ። አባባ በአሮጌ የውሃ ቱቦ ጫፍ ጠቅልለው አወጡትና ነፉ፤ ሳል ያዛቸው። ደግመው ነፉ፣ አሁንም ሳል። በሦስተኛው ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቀይ እብጠት ብቅ አለች፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ከዳቸው። ዘወር ብለው ቱቦውን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ራህመት፣ ነይ። የእኔ ደረት አልቋል፤ አንቺ ንፊው።»

ልጆቹ ይንሾካሾካሉ፣ አንዷ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ራሴን ነቀነቅሁና ከመምህሩ ኮት ኋላ ተደበቅሁ። አባባ ቱቦውን እንደዘረጉ ቆዩ። ቀዩ ብርጭቆ ጠቆረ፣ አዘመመ፣ ደረቀ፤ ወድቆ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መምህሩ በሁለት እጃቸው ጨበጧቸውና «ደክመዋል አባባ፣ ይተዉት» አሏቸው። እሳቸውም «እሺ» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ስሄድ የጅብና የቀበሮ ተረት ያወሩልኝ ጀመር። አንድ ምሽት የብርጭቆውን ንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እሱ ተረት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሱትም፣ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ።

አሁን የምኖረው ወልቂጤ ነው። አምና በስልኬ አንድ ሰው ብርጭቆ በቱቦ ሲነፋ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ፤ ማሩ፣ ማሽከርከሩ፣ ማበጡ፣ ሁሉም እንደነገሩኝ። ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለችና «ለካ እውነታቸውን ነበር» አለች። የገዛ አጎቷ! በንዴት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። መምህሩንም አፈላለግሁ፤ ከተዛወሩ ቆይተዋል፣ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም። ባገኛቸውስ ምን እላቸዋለሁ? እሳቸው የማያውቁትን ነው ያስተባበሉት፤ እኔ ግን አምን ነበር።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ልጅ ነበርሽ እያለ ያጽናናኛል፣ ማጽናናቱም ያናድደኛል። አዎ፣ ልጅ ነበርኩ። ግን ትንፋሽ ነበረኝ።