በርሜል ነው ወይስ አፈሙዝ

ሐሙስ በምሳ ሰዓት እናቴ አትላንታ ሚድታውን ቢሮዬ ሳለሁ ደወለችና ቅዳሜ ሊልበርን እነሱ ቤት ብቅ እል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አልችልም እማዬ፤ በርሜል መምረጥ አለብኝ። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን።»

«የምን በርሜል?»

«ረጅም ይሁን አጭር መወሰን አቅቶኝ ነው። ሁለት ዓመት ጠብቄ አሁን ካለፈኝ አለቀልኝ።»

«እዚያ አንተ ሰፈር፣ ፓይን ሌክ፣ ውሃ ይጠፋል እንዴ?»

ወደ ስብሰባ እየገባሁ ነበር። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሳላስብ «አይ፣ አይጠፋም» ብዬ ዘጋሁት።

እኔ ያልኩት የጠመንጃ ነው። አፈሙዝ ማለት ሲገባኝ እንግሊዝኛውን «ባረል» በአፌ ገልብጬ በርሜል አልኩ፤ ለእናቴ ደግሞ በርሜል ማለት ውሃ የሚጠራቀምበት ነገር ነው። ስለ ጠመንጃው ለቤተሰቤ አልነገርኩም ነበር። ምስጢር ስለሆነ አይደለም፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

ጠመንጃው እንደ ጥንቱ ባሩድና አረር በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ዓይነት ነው። የሚሠሩት ከአትላንታ ወደ ሰሜን ተራራው ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው፣ አንድ በአንድ። ተራዬ ሲደርስ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአፈሙዙን ርዝመት። «እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ካልነገርከኝ እንጨቱን ለሚቀጥለው ሰው እቆርጠዋለሁ» አሉ። «ከዚህ በኋላ ስንት እንደምሠራ ደግሞ እጄ ነው የሚያውቀው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ስልኩ ላይ ይመልስ ነበር። እኔ ግን የምኖረው የሰው ሶፍትዌር ስህተት በመፈለግ ነው፤ ስለዚህ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ረጅም አፈሙዝ ሁለቱን ማነጣጠሪያዎች ስለሚያራርቃቸው ዓይን ቶሎ አይሳሳትም፤ ጫፉም ስለሚከብድ አይንቀጠቀጥም። አጭሩ ቁጥቋጦ ውስጥ አያስቸግርም፣ ትከሻም አያደክምም። ከፕላስቲክ ቧንቧ አራት የውሸት ጠመንጃ ሠርቼ፣ ክብደታቸው ትክክል እንዲሆን አሸዋ ሞላሁባቸው። አሸዋውን የመዘንኩት በማንኪያ እየቀነስኩ ነው። ሳሎን ውስጥ በየተራ ወደ ማቀዝቀዣው ሳነጣጥር ሰነበትኩ። አንዲት ጎረቤቴ በመስኮት አይታኝ ውሻዋን ወደ ማዶ አሻገረች።

ሰንጠረዡ አርባ ሁለት ኢንች አለ። እኔም አርባ ሁለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ረጅም ጠመንጃ ያምራል። መልእክቱን ጽፌ «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ቀርቶኝ፣ አንድ ያልታየኝ ነገር ይኖራል እያልኩ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ቆየሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የአባቴ ፒካፕ በሬ ላይ ቆመ። ከኋላው ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ታስሯል።

«እናትህ እኮ ውሃ ተቋርጦበት ደብቆን ነው ብላ እንቅልፍ አጣች» አለኝ ገመዱን እየፈታ። «ከምሠራበት መጋዘን ነው፤ ሳሙና ነበረበት፤ ሦስቴ አጥቤዋለሁ። ረጅሙን ነው ያመጣሁልህ።»

አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና በርሜሉ ላይ ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ታዲያ አፈሙዝ አትልም! በል አሳየኝ።»

አርባ ሁለቱን አመጣሁለት። አባቴ ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ስለ ጠመንጃ አንድ ነገር ያውቃል ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ጠመንጃ የያዝኩት አንዴ ነው» አለ። «ፎቶ ቤት። እሱም የእንጨት ነበር። እንዴት ነው የሚጎርሰው?»

«ሰደፉን መሬት ታስነካለህ፣ ባሩዱን ከላይ ታፈሳለህ፣ ከዚያ አረሩን በረጅም ዘንግ እስከ ታች ትገፋለህ።»

«እስቲ ቁምና አድርገው።»

ቆምኩ። ሰደፉን እግሬ አጠገብ አሳረፍኩ። አፈሙዙ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

አራት የውሸት ጠመንጃ ሠርቼ አንዱንም አቁሜ አላውቅም ነበር። ለምን አቆማለሁ? አፈሙዙ ከአገጭ በታች መሆን እንዳለበት አንብቤ በሰንጠረዡ አስልቼዋለሁ!

አባቴ ዞሮ ዞሮ አየኝ። «ይሄ ነገር የሚጎርሰው ባሩዱን ነው ወይስ አንተን?»

«ስሌቱ ልክ ነው» አልኩ።

«ቁመትህን ስንት ብለህ ነው ያሰላኸው?»

«አምስት ጫማ ከሰባት ኢንች፤ ስልሳ ሰባት ኢንች ማለት ነው።»

«ጫማህን አውልቀህስ ስንት ጫማ ነህ?»

«መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ። ፈቃዱን ስታወጣ አጠገብህ ቆሜ አልነበር? ሴትዮዋ ቁመት ስትልህ አምስት ከሰባት አልካት። እኔም ያድግበታል ብዬ ዝም አልኩ።»

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እኔም አድግበታለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሸዋ ማንኪያ ስቆጥር፣ ያቺን ቁጥር ግን መንግሥት ያተማት ስለሆነች አንዴም አልጠረጠርኳትም።

አባቴ የውሸት ጠመንጃውን ትቶ በርሜሉን ገለበጠው። «በል፣ ስታጎርስ እዚህ ላይ ትወጣለህ። በከንቱ አልመጣም።» ቀጥሎ ሜትሬን ጠየቀኝ። ጫማዬን አስወልቆ በሩ መቃን ላይ አስደገፈኝና አናቴ ላይ መጽሐፍ አስተኛ።

«ተረከዝህን አውርድ» አለኝ።

ማንሳቴን እኔም አላወቅኩም ነበር።

ሰንጠረዡን በአዲሱ ቁመቴ እንደገና አስልቼ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሽማግሌው ዘንድ ደውዬ ሠላሳ ስምንት አልኳቸው። አልተደነቁም። ሲጽፉ የእርሳሱ ድምፅ ይሰማኛል።

«ሰደፉን ልለካልህ ነው፤ ቁመትህ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ስልሳ አራት ኢንች።»

«ከግማሽ» አለ አባቴ ከኋላዬ፣ ሜትሩን ወደ ብርሃኑ አዙሮ እያየ። «ስልሳ አራት ከግማሽ በላቸው። ያለህን አትተውላቸው።»

ከግማሽ አልኳቸው።