የአልጋው ክንድ

አምደወርቅ ውስጥ ይታየሽን የማያውቃት የለም፤ ዕቃ መዋስ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነውና። እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ወለተ ገብርኤል ትልቁን ድስቷን ተውሳ ሳትመልስ ቀረች። የፋሲካ ለት ይታየሽ ድስት ሲቸግራት "ድስቴን መልሺልኝ" ማለት አፈረችና "እባክሽ ድስት አውሺኝ" ብላ ሄደች። የገዛ ድስቷን ተውሳ፣ ወጡን ሠርታበት፣ አጥባ፣ አመስግና መለሰች! ይኸን የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ባሏ ኤርምያስም ስንት ጊዜ ስቆባታል። ይሉኝታ ግን ሁልጊዜ አያስቅም።

ኤርምያስ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመታ፣ የቤት መብራትም የሚዘረጋ ባለሙያ ነበር። ካቻምና ከሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ፤ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። በጎ አድራጊ ሰዎች በመብራት የሚሠራ የሕሙማን አልጋ ሰጡት። ራስጌው ሥር አንድ ሞተር አለ፤ ከሞተሩ የብረት ዘንግ እየወጣ ራስጌውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ተመልሶ ሲገባ ዝቅ ያደርገዋል። ኤርምያስ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ማንንም ሳይጠራ ቀና ይላል፤ ውኃውን ይጠጣል፣ በበሩ በኩል መንገደኛውን ያያል። አልጋው የገባ ለት ይታየሽ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ታዲያ በእኛ አገር አልጋ መተኛ ብቻ አይደለም፤ የክብር መቀመጫም ነው። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣ የተከበረ ሰው በርጩማ ላይ አይጣልም፤ ከራስጌው ጠርዝ ነው የሚቀመጠው። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ጻድቅም እንደ ልማዳቸው መጡና ያን ግዙፍ ሰውነታቸውን እዚያው አሳረፉ። ኤርምያስ መስቀል ሊሳለም ቁልፉን ተጫነ። ሞተሩ ሁለት ሰው ሊያነሣ ታገለ፤ ያውም ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። አቃሰተ፣ ዘንጉ ተጣመመ፣ ሞተሩም መሥራት አቆመ። ይታየሽ አጠገባቸው ቆማ ነበር። "አባ፣ እዚያ አይሁን" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። ለአባም "መብራቱ ነው ያቃጠለው" ተባለላቸው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ማን እንደሚገዛው እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ኤርምያስን ቀና የምታደርገው በብብቱ ገብታ እየተሸከመች ሆነ። እሱም እሷን ላለማድከም ብሎ ውኃ መጠየቅ ተወ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እያየችው "አልጠማኝም" ይላታል። አንዳንዴ በር ላይ ቆማ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

ምትክ እንዲፈልግላት የለመነችው፣ ሰቆጣ ያለው የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ አስማረ "አገኘሁልሽ" ብሎ ሲደውልላት፣ ቤቱንና ባሏን ለጎረቤታቸው ለየኔሰው አደራ ብላ ገሠገሠች። አስማረ ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥቶ አሳያት። ርዝመቱ ክንድ ያህላል፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰብስቧል።

"ስሙ አክቹዌተር ነው" አላት።

"ይኸን እንኳ አልይዘውም። ክንድ ልበለው።"

"ያሻሽን በይው፤ ብቻ ስሚኝ። በዘንጉ ይዘሽ አታንሺው፣ በሽቦውም አታንጠልጥይው፤ ከሞተሩ እቀፊው። አጋድመሽ ያዥው፣ እንዳይወድቅ። ውኃ እንዳይነካው፣ አቧራ እንዳይገባበት። ዘንጉን ደግሞ ማንም በእጁ እንዳያዞረው፤ ከዞረ የት ላይ መቆም እንዳለበት ይጠፋዋል። ስትገጥሙትም መጀመሪያ ባዶውን ሞክሩት፣ ሰው ኋላ ይተኛበት።" ካርቶኑን ዘግቶ ሰጣት። "አልጋው የድሮ ሥሪት ነው፣ እህቴ። ይኸንንም ያገኘሁት በመከራ ነው። ሌላ ይገኛል ብዬ አልዋሽሽም።"

ይታየሽ ሁሉንም ምክር በቃሏ ያዘች፤ ያቺ የመጨረሻዋ ግን ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሰቆጣ ገበያ ስታልፍ ሰው ሁሉ ሊገፋት የመጣ መሰላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

የዚያን ቀን መኪና ስላጣች አክስቷ እስከዳር ዘንድ አደረች። አክስትና የእኅት ልጅ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲያወጉ አመሹ፤ እስከዳር የካርቶኑን ነገር ስትሰማ ደረቷን ደቃች። ቤቷ ያፈሳል፣ አይጥም አለ። ወዲያው ክንዱን ከካርቶኑ አወጣችና ጤፍ የሞላው ጆንያ ውስጥ ቀበረችው።

"እንቁላል እንኳ የሚቀመጠው ጤፍ ውስጥ አይደለም? ከዚህ የለሰለሰ፣ ከዚህ የደረቀ ምን ቦታ አለ?" አለች።

ይታየሽ አፏን ከፈተች። "አቧራ እንዳይገባበት" የሚለው የአስማረ ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ግን አክስቷ ከሌላት ላይ እህሏን ገልብጣ ስትንከባከብላት "ተዪው" እንዴት ይባላል! አፏን መልሳ ዘጋች። እንቅልፍ በዐይኗ ሳይዞር አነጋች። አክስቷ ለኪዳን ጸሎት ስትወጣ ጠብቃ ክንዱን ከጤፉ አወጣችው፤ በነጠላዋ ጠረገችው፣ ዘንጉ የሚገባበትን አንገት ዞራ ዞራ አየች። ጥቂት ፍሬ ተለጥፎ አገኘች። ያየችውን ለቀመች፤ ያላየችው ገብቶ እንደሆነ ግን በምን ታውቃለች? ጤፍ መሆኑ ነው ጉዱ። ባቄላ ቢሆን ኖሮ ታየው ነበር።

መናኸሪያ ስትደርስ ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ "ወደ ላይ ይጫን!" አለ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጀሪካንና የታሰሩ ፍየሎች ነበሩ። ይታየሽ ካርቶኑን አቅፋ ፍጥጥ አለች። ረዳቱ እብድ መስላው መሰል ተዋት። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ግን የገብስ ጆንያውን አንሥቶ "ትንሽ ያዥልኝ፣ እህቴ" ብሎ ጭኗ ላይ ጣለው።

"እሺ" አለች። ይታየሽ አይደለች!

ጆንያው ካርቶኑን እንዳይጫነው ሁለት እጆቿን ከሥሩ አስገባች። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው ሲነጥር ጆንያው ክንዶቿ ላይ ይወድቃል፣ እሷም ጥርሷን ትነክሳለች። ሰውዬው ተኝቶ ማንኮራፋት ጀመረ። አምደወርቅ ስትወርድ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋት ካርቶኑን ደረቷ ላይ አስደግፋ ነው ቤት የደረሰችው።

በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጧት፣ የኔሰውና እሷ ኤርምያስን አንሥተው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አስተኙት። እጁ ባይደርስም ሙያው አልጠፋምና ተጋድሞ ያዛቸው ጀመር።

"መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀይው።"

"መብራት እኮ ጠፍቷል።"

"ጠፍቷል ስትይ ነው የሚመጣብሽ። ንቀይው!"

ነቀለች። የኔሰው ራስጌውን ወደ ላይ ያዘና ድንገት ወርዶ ጣት እንዳይጨፈልቅ የባሕር ዛፍ ባላ ከሥሩ ተከሉ። የተጣመመውን አሮጌ ክንድ ፈተው አወጡ። አዲሱን አስገቡ፤ የኋላው ጫፍ እሺ ብሎ ገባ። የፊተኛው ቀዳዳ ግን ከራስጌው ቀዳዳ አውራ ጣት ያህል ራቀ።

"ትንሽ ዘንጉን ላዙረው፣ ይመጣል" አለ የኔሰው፣ ጨበጥ አድርጎት።

ይታየሽ የአስማረን ቃል አስታወሰች። የኔሰው ሥራውን ትቶ የመጣ፣ ስንት ቀን ባሏን የተሸከመላት ሰው ነው። "አትንካ" ልትለው አልቻለችም፤ መዳፏን ዘንጉ ላይ ጣል አድርጋ ከለከለችው። ግራ ተጋብቶ አያት።

"ምን ሆናችሁ?" አለ ኤርምያስ ከወለሉ።

"ቀዳዳው አልደረሰም።"

"እንግዲያው ራስጌው ወደ እሱ ይምጣ፤ እሱን አታስቸግሩት። ባላውን ትንሽ አዘንብሉትና ራስጌውን ዝቅ አድርጉ። ማያያዣው ፒን በጣት ተገፍቶ ከገባ ልክ ነው፤ መዶሻ ካማራችሁ ጠማማ ነው ማለት ነው።"

ባላውን አዘነበሉ። ቀዳዳው ገጠመ፤ ይታየሽ ፒኑን በአውራ ጣቷ ገፋችው፣ ገባ። ሽቦው ማጠፊያው ውስጥ እንዳይነከስ ላላ አድርጋ በጨርቅ ቁራጭ አሰረችው። ከዚያ በኋላ የቀረው መብራት መጠበቅ ነበር። መብራቱ ግን ቅዳሜን ሙሉ ሳይመጣ ዋለ፤ እሷም ያቺን የጤፍ ፍሬ ስታስብ ዋለች።

መብራት የመጣው እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው። ኤርምያስ ፍራሹ ላይ እንደተኛ ባዶውን አልጋ ሞከሩት። ዘንጉ ወጣ፣ ራስጌው ተነሣ። በመሀል ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"ጤፏ ናት!" ብላ ጮኸች ይታየሽ።

"የምን ጤፍ?"

የአክስቷን ነገር ሁሉ ተናዘዘችለት። ኤርምያስ ሰማ ሰማና ከሆዱ ሳቀ፤ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። "ዘርታልን ነበርና! ትንሽ ብትቆዪ ሁለት ሆኖ በበቀለ። አይዞሽ፣ ፒኑ ቅባት ስላልነካው ነው።" ጥቂት ግራሶ ቀቡት፤ ድምፁ ጠፋ። ያም ሆኖ ሰው ሲተኛበት ምን እንደሚሆን ገና አልታየም። አንሥተው አልጋው ላይ አስተኙትና ቁልፉን ያዘ።

"ቤቶች!" አለ ወፍራም ድምፅ ከደጅ።

አባ ገብረ ጻድቅ ናቸው። አባ መስቀል አሳልመው፣ ባርከው፣ "እንዴት ሰነበትክ፣ ልጄ?" እያሉ በቀጥታ ወደ ለመዱት ቦታ አመሩ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጡ። መዳፋቸው የራስጌው ጠርዝ ላይ አረፈ፤ ፍራሹ ሲሰረጉድ ይታየሽ አየች።

"አባ! አይቀመጡ!"

ማን እንደጮኸ ለማወቅ እሷም ጊዜ ወሰደባት። አባ እንዳጎነበሱ ቀሩ። የኔሰው መሬት መሬት አየ። በዚያ ቤት ለካህን እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የላትም።

"የፊተኛውን የሰበሩት እርስዎ ነዎት፣ አባቴ። መብራት አይደለም። እዚህ ሲቀመጡ ነው የተጣመመው። እያየሁ ዝም አልኩ። ይኸ ከተሰበረ ሌላ የለም፤ እሱ ደግሞ እንዳላደክምሽ ብሎ ውኃ እንኳ አይጠይቀኝም!" እንባዋ ቀደማት።

አባ ቀስ ብለው ቀና አሉ። አልጋውን አዩ፣ ኤርምያስን አዩ።

"ይኸን ሁሉ ጊዜ?" አሉ። "ይኸን ሁሉ ጊዜ እየተመላለስኩ 'እግዜር ያንሣህ' ስልህ፣ ያስተኛሁህ እኔ ነኛ።"

ዘወር ብለው ወጡ።

ይታየሽ ግድግዳውን ተደገፈች። የነፍስ አባቷን በሰንበት ከቤቷ አባረረች! አገሩ ምን ይል? እሳቸውስ ቢያዝኑባት ማን ፊት ትናዘዛለች? ተከትላ ልትሮጥ ነጠላዋን አነሣች።

"ተይ፣ ይታየሽ" አለ ኤርምያስ። "አንቺ ለእኔ ነው የተናገርሽው።"

በሩ ጨለም አለ። አባ ገብረ ጻድቅ ነበሩ፤ ከወለተ ገብርኤል ቤት የተዋሱትን በርጩማ በገዛ እጃቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ኤርምያስ ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። ዘንጉ ወጣ፤ አላቃሰተም። ራስጌው ተነሣ፣ ትከሻው ተነሣ፣ ፊቱ ከፊታቸው ትይዩ እስኪሆን ቀና አለ፣ ማንም ሳይነካው።

"ኖር፣ አባ!" አለ።

አባ ደንግጠው በርጩማውን ለቀቁት። "በእግዜር! በእግዜር፣ ልጄ! በማርያም፣ አትነሣ!" አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ እሱ ዘርግተው።

ኤርምያስ ከጣሪያው ከወደቀ ወዲህ አትነሣ ብሎ የለመነው ሰው አልነበረም።