የሐዲድ እርምጃ

ዛሬ ጠዋት ታይዋን በሚባለው ገበያችን ለአባቴ ጫማ ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንድ የጋሪ ፈረስ በሶምሶማ አለፈ። ኮቴው ሳይቸኩል አስፋልቱን ረገጥ፣ ረገጥ ያደርጋል። የላቡ ሽታ ሲደርሰኝ ጫማውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት አባቴ ከሐዲድ ጥገና ሥራው ጡረታ ሲወጣ፣ ጋሪ ሊነዳ ከመልካ ጀብዱ አንድ ለጋ ዳማ ፈረስ ገዛ። ምን ልበልህ፣ መልኩ ያምር ነበር፤ ሶምሶማው ግን ጉድ ነው። እርምጃው አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ስለነበር ጋሪው ያንገጫግጫል። ባጃጅ እያለ ማን ሲንገጫገጭ ይውላል? ሻጩ "እስከ አረፋ ካልተስማማህ መልሰው" ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ ፈረሱን ወድጄው፣ ይመለሳል ብዬ ሳስብ ምግብ አልበላ ይለኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ውሃ የሌለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እናወርደዋለን። እግሩን እየዘረጋ እንዲሻገራቸው አባቴ አጣናዎች በተርታ ያጋድማል፤ እኔ ገመዱን ይዤ አብሬው እሮጣለሁ። ፈረሱ ግን በተለማመደ ቁጥር እርምጃው ይባስ አጠረ።

"አቦ፣ ፍየል ነው እንዴ የሸጠልኝ!" ይላል አባቴ።

አንድ ጠዋት እናቴ ቁርስ ይዛልን መጣች። አጣናዎቹን አየች፣ አባቴን አየች፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

"ዋሪያ! ሐዲድ ነው እንዴ የምትሠራው?"

እውነቷን ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን ብረቶች እየረገጠ ስለኖረ የራሱም እርምጃ አጭር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እጁ አጣናዎቹንም ያጋደመው በዚያው ልክ ነበር። ለካ ፈረሱ የአባቴን አረማመድ ነው የተማረው!

እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ አጣናዎቹን አራራቀቻቸው፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ጨመርንበት። አረፋ ሊደርስ ሲል ፈረሱ አንገቱን ለቀቅ አድርጎ እግሩን ዘረጋ። አልፈጠነም፤ እርምጃው ረዘመ እንጂ። አባቴም ከጎኑ እየሮጠ እግሩን ሲዘረጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ሄደ! ሄደ እኮ!" ይላል አባቴ።

እፎይ ብዬ አሸዋው ላይ ተዘረርኩ። ፈረሳችን የትም አይሄድም።

ፈረሱ ቤታችን ኖሮ አርጅቶ ሞተ። ዛሬ ከሰዓት ለአባቴ አዲሱን ጫማ አድርጌለት እስከ ደቻቱ ድልድይ ወጣን።

"ፈጠንሽብኝ እኮ፣ ልጄ" አለኝ።

እጁን ያዝኩና እርምጃዬን በእሱ ልክ አሳጠርኩ።