አንድ ሰው የላክንበት ለቅሶ

ይህን ታሪክ መጻፍ ተገቢ መሆኑን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ማንም አልታሰረም፤ ማንም አገር ጥሎ አልሄደም። አንድ የጭቃ ቤት ጣራ ሳይለብስ ቀረ፣ በቃ። ለዶርም ጓደኛዬ ስነግራት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና «ታዲያ ቆርቆሮ ብትገዙ ምን ነበረበት?» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ቢሆንም በዚያ ሰሞን ያየሁትን ለራሴ እንኳ በደንብ ማስረዳት ስላልቻልኩ፣ በቅደም ተከተል ብጽፈው ይገባኝ ይሆናል ብዬ ጀመርኩ።

ወላጆቼ ሆሳዕና፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ታላቅ ወንድሜ በግንባታ ሙያ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ሲፈልግ ቆየና አንድ ቀን «ሥራ መፈለግ ትቻለሁ፤ ቤት ልሠራ ነው» ብሎ ወደ ዶዮገና ሄደ። እንደ እሱ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ስድስት ጓደኞቹ አብረውት ነበሩ። ከመካከላቸው አንደኛው የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ከእንሰቱ ጀርባ ያለች ቁራሽ መሬት ሰጣቸው። ሐሳባቸው አብሮ መኖር፣ ከአንድ ድስት መብላት፣ ድንችና ጎመን አልምቶ መሸጥ ነበር። ቤቱንም ያለ ሲሚንቶ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ሊሠሩት አሰቡ። እስኪያልቅ ድረስ በሰውየው አሮጌ የከብት ጋጣ ውስጥ ያድሩ ነበር።

አባቴ ነገሩን አልወደደውም። «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሮ ጭቃ ረገጣ!» እያለ ከደንበኞቹ ፊት ሳይቀር ያማርር ነበር። በመጨረሻ በስልክ ተስማሙ፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። «በልግ ሳይገባ ጣራ ካለበስክ ሁለተኛ አልናገርህም። ካላለበስክ ግን መጥተህ ሱቅ ትቀመጣለህ» አለው። ወንድሜ «እሺ አባዬ» አለ። ወንድሜ እሺ ያለውን ነገር ሲያፈርስ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና እንዳለቀ ከዩኒቨርሲቲ ቤት መጥቼ የእሱን አሮጌ ሳይክል አውጥቼ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት። ዕቅዴ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ዶዮገና ወንድሜ ጋ፣ ከዚያ ደግሞ ሆመቾ እሄዳለሁ፤ በሆመቾ አቅራቢያ ሴቶች ተሰባስበው ለልጆቻቸው መዋያ የጭቃ ቤት እየሠሩ ነበር። ሁለቱም ቦታ ጉልበቱን ለሰጠ እንግዳ ምግብና መኝታ አለ። የሚያስፈልገኝ ቆሎ፣ አንድ ኮዳ ውኃና የጎማ መለጠፊያ ብቻ ነበር። እናቴ «ሴት ልጅ በሳይክል ዶዮገና?» ብላ አገጯን ያዘች። አባቴ ግን ከእናቴ ተደብቆ «ጣራውን አይተሽ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ከዚያ በፊት ደውሎ «ለአባዬ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ንገሪው» ብሎኝ ነበር። ለሁለቱም እሺ አልኩ።

ከከተማው መውጫ ላይ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች «እህት፣ ጎማሽ እየዞረ ነው!» እያሉ ሸኙኝ። አንዱማ ዳገቱ ግማሽ ላይ ሳይክሉን ስገፋ ደርሶብኝ ፍጥነቱን ቀንሶ «እሱ ነው የሚነዳሽ ወይስ አንቺ ነሽ የምትነጂው?» አለኝ። እየሳቀ አለፈኝ።

ስደርስ ቤቱ ከጠበቅኩት በላይ ደርሶ ነበር። ክብ ግድግዳው ቆሟል፣ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቋል፣ የጣራው እንጨት ተዋቅሯል። ምርጊቱን ጎረቤቶቹ በደቦ መጥተው ነው የሠሩላቸው። ከዚያ በፊት ሰባቱም ለጎረቤቶቹ የድንች ቆፈራ ደቦ ሄደው ስለነበር ጎረቤቶቹ ውለታ መመለሳቸው ነበር። የቀረው ሁለተኛው ምርጊትና ክዳኑ ነበር። ለክዳኑ የሚሆን ሣር እንደ ድሮው በየሜዳው አይገኝም፤ መሬቱ ሁሉ ታርሷል። የዚያው አካባቢ ልጅ የሆነው ጓደኛቸው ሣር ሊያፈላልግ ወደ ዱራሜ ወርዶ ነበር።

ለሁለተኛው ምርጊት ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ የእንሰት ቅጠል ለብሶ ቀናት ሰንብቷል። በሚረገጥበት ቀን ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የለቅሶ ጩኸት ተሰማ። የጎረቤታችን እናት አርፈዋል። ጎረቤታችን ውኃ ከጉድጓዱ እንድንቀዳ የፈቀደልን፣ የመጀመሪያውንም ደቦ የጠራልን ሰው ነው።

ጋጣው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንድ ነገር ለማድረግ ሁሉም መስማማት አለበት፤ ይህ የግቢያቸው ደንብ ነው። በነርስነት የተመረቀችው ልጅ «ሁላችንም እንሂድ» አለች። ሌላው «ጭቃው ደርሷል፤ ዛሬ ካልተረገጠ ይበላሻል፤ ሰማዩንም እዩት» አለ። ወንድሜ አሰበና «እድር ስንገባ የተመዘገብነው እንደ አንድ ቤት ነው። አንድ ቤት ደግሞ አንድ ሰው ይልካል። አንድ ሰው ይሂድልን» አለ። ለሁሉም ትክክል መሰላቸው። ለእኔም መሰለኝ። ነርሷ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች፤ እኛ ሱሪያችንን ጠቅልለን ጭቃ ውስጥ ገባን።

ቀብሩ የሚያልፈው በግቢያችን በር ፊት ለፊት ባለው መንገድ መሆኑን ማንም አላሰበም። ዝማሬው ሲቀርብ ቀና አልን። አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች ከፊት፣ ጎረቤታችን ከኋላቸው፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ መንደሩ ሁሉ። እኛ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ነበርን። ለመውጣትም ለመሸሸግም ጊዜ አልነበረም፤ ባለንበት አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ማንም ወደ እኛ አልዞረም። አንዲት ሴት ብቻ እያለፈች ከእግራችን እስከ ራሳችን አየችን።

ነርሷ ስትመለስ «ምንም አላሉኝም። መቀመጫ ሰጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ ምንም አልጠየቁኝም» አለች። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ፍርሃት ነበር። ጓደኛቸው አመሻሽ ላይ ከዱራሜ ሣሩን አስጭኖ ደረሰ። ነገሩን መንገድ ላይ ሰምቷል። ሣሩን ሳያወርድ «ምን ነክቷችሁ ነው? እኔ ባልኖር አባቴን አትጠይቁም?» አለ። ወንድሜ «ሰው ልከናል እኮ» አለው። «ሰው ልከናል! ቢሮ መሰላችሁ?» ብሎ ብቻውን ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚበላውም የሚያድረውም አባቱ ቤት ሆነ።

የክዳኑ ደቦ ለቅዳሜ ነበር። ወንድሜ በየቤቱ ዞሮ አስታወሰ፤ ሁሉም «እሺ፣ እግዚአብሔር ካለ» አሉት። እሱም ተደሰተ። ቅዳሜ ድንች ቀቅለን፣ ጎመን ሠርተን፣ ቆጮና አይብ አዘጋጅተን ጠበቅን። አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ላማቸውን እየነዱ በበሩ ሲያልፉ ወንድሜ ወጣ።

«አባባ፣ ዛሬ ደቦ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ምን አጠፋን?»

ሽማግሌው ላሟን በዱላቸው አቆሟት። «ለድንቹ ሰባት ሆናችሁ መጣችሁ፤ ሰባት ሆናችሁ ሠራችሁ፣ ሰባት ሆናችሁ በላችሁ። ደስ አለን። ለለቅሶው ግን አንድ ቤት ነን አላችሁ» አሉና ላሟን ነድተው ሄዱ።

ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ይቅርታ እንጠይቅ አላለም። «የሆመቾዎቹ ሴቶች ቀደም ሲል በስልክ ሰው እንሰጣለን ብለውኝ ነበር። ሂጂና ንገሪልኝ» አለኝ። ቁልቁለቱን ያለ ፔዳል ወረድኩት። ሆሳዕና ቤታችን አደርኩ፤ አባቴ «ጣራውስ?» ሲለኝ «ሣሩ መጥቷል» አልኩት። ሣሩማ መጥቷል። በነጋታው ሆመቾ ደረስኩ።

የሴቶቹ ሰብሳቢ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። ከሳይክሌ ስወርድ እግሬን አይተው «እነዚህ ለጭቃ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከሥራ በፊት ወሬ የለም» ብለው ከሴቶቹ ጋር አስገቡኝ። እየረገጥን ሳለ የወንድሜን መልእክት ነገርኳቸው።

«እንመጣለን፤ ምን ችግር አለ? ግን የእናንተ ጎረቤቶች የት ሄደው ነው?» አሉኝ።

ለቅሶውን ነገርኳቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ መርገጥ አቆሙ። አንዷ «አስከሬን እያለፈ?» አለች። ሌላዋ «ተይ እስቲ፣ ልጅቷን አታስጨንቂያት» አለቻት።

መምህርቷም መርገጡን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ መጥተን ጣራ ብናለብስ ጎረቤቶቻችሁ አጥር ተደግፈው ሊያዩን ነው? ከዚያ በኋላ ያ ቤት ከማን ጋር ይጎራበታል? እሳት የሚጭረውስ ከማን ነው?» አሉ። ከዚያ ቀለል አድርገው «መጀመሪያ ሂዱና ተቀመጡ፤ ሰባታችሁም። ከተቀመጣችሁ በኋላ ነገ ኑ ብትሉን በአይሱዙ ተጭነን እንመጣለን። እስከዚያ ግን አንመጣም» አሉኝ።

ሲመለሱ ያለው ዳገት ከሄድኩበት የባሰ ነበር። ዶዮገና ስደርስ የተባልኩትን ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ወንድሜን ለማስደሰት ብዬ ላለሳልሰው ሞክሬ ነበር፤ ግን የሴትየዋ ቃል የሚለሳለስ አልነበረም። አምስቱ ዛሬውኑ እንሂድ አሉ። ወንድሜ እምቢ አለ። በቁጣ አልነበረም፤ ከልቡ ነበር። «እዚህ የመጣነው አንድ ቤት ለመሆን ነው። ሲመቸን አንድ፣ ሲከብደን ሰባት ከሆንን ይህን ቤት ለምን እንሠራለን? እሺ፣ ለድንቹም አንድ ሰው መላክ ነበረብን፤ ያንን አጥፍተናል። ለቅሶውን ግን አላጠፋንም» አለ። ነርሷ «የሞቱት ሴትዮ ይህን ሁሉ አያውቁም» አለችው። ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይደረግም የሚለው ደንባቸው እንደ ቁልፍ ዘጋቸው። በማግስቱም፣ ከዚያ በማግስቱም ተከራከሩ። እኔ ድንች ልጣለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፤ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። በልጉ ከተጠበቀው ቀድሞ ነበር የገባው። ሸራ ዘረጋንበት፤ ነፋሱ ገለበጠው። በድጋሚ አሰርነው፤ ውኃው መሐሉ ላይ ተጠራቅሞ ገመዱን በጠሰው። ወንድሜ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ አዲሱ ምርጊት እየቀለጠ ሲወርድ በእጁ መልሶ ሊለጥፈው ሞከረ። ሲደክመው ወደ ጋጣው ገብቶ ማንንም ሳያይ «እንሂድ» አለ።

ሰባቱም ሄዱ፤ ያ ተለይቶ የነበረውም ከአባቱ ቤት መጥቶ ተቀላቀለ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ጎረቤታችን በሩ ላይ ተቀበለን። «ግቡ፣ ግቡ፤ ዝናብ አይምታችሁ» አለ። ተቀመጥን። ወንድሜ «አጥፍተናል» ብቻ አለ። ሰውየው እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። «እናቴ ትወዳችሁ ነበር። ጭቃ ስትረግጡ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ‹እነዚህ ልጆች የሚጨፍሩ ነው የሚመስሉት› እያለች ትስቅ ነበር» አለን። ነርሷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ስንወጣ ወንድሜ ስለ ጣራው ጠየቀ። ሰውየው ሰማዩን አየና «አሁንማ መሬቱ ረጠበ። ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው። ዘሩ ይግባና እናያለን» አለ። በድምፁ ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ አልነበረም። ቂም ቢኖር ኖሮ የምንለምነው ነገር ይኖረን ነበር። ሆመቾ ስንደውልም መምህርቷ «እንኳን ታረቃችሁ!» ብለው ከልባቸው ተደሰቱ፤ ሴቶቹ ግን በቆሎ ላይ ናቸው።

ክፍል ተጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ። ከዳገቱ በኩል ያለው ግድግዳ በመጋቢት ውስጥ ወደቀ። ሣሩ በርጥበት ሻገተና ለከብት መኝታ ተነጠፈ። ነርሷ ሆሳዕና አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ አገኘች፤ ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሌሎቹም እየተሰናበቱ ወጡ። ጎረቤታችን ለእያንዳንዳቸው ድንች በፌስታል ይሰጥ ነበር። አባቴ አልደወለም፣ አልጠየቀም፤ በሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለተኛ ወንበር አስገባ።

ወንድሜ የመጨረሻው ነበር። አንድ ቀን በሚኒባስ ሄጄ ዕቃውን አብሬው ሰበሰብኩ። የቆመውን ግድግዳ በመጥረቢያ ጀርባ አፍርሶ ጭቃውን በእንሰቱ ሥር በተነው፤ እንጨቱን ለመሬቱ ባለቤት ደረደረለት። «ሌላ ሰው መሬቱን ሲያርስ እግሩን እንዳያደናቅፈው» አለኝ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ጎረቤታችንን ተሰናብቶ፣ ሆሳዕና ገብቶ ሱቅ ተቀመጠ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።